መንገዱን የለመደ በግ

ሐሙስ፣ ጥር 26

ዛሬ በሰው ፊት ቀለልኩ።

የቤተ ክርስቲያናችንን ደን በድንጋይ ካብ ለማጠር አገሬው ወጥቶ ነበር። ከብት እየገባ ችግኙን ስለጨረሰው ደኑ ሳስቷል፤ ጉሬዛዎቹም መጠጊያ እያጡ ነው። ለሠራተኛው ምሳ እንዲሆን የሰባ በጌን ሰጠሁ። መስጠቱ ሳይበቃኝ ንግግር ጨመርኩበት። «ከብቱን እዚህ ደን የሚለቅ ሰው እግዜርን አይፈራም!» አልኩ። መሪጌታ መረቁኝ፤ ሴቶቹ እልል አሉ።

በጉ በእልልታው ደንግጦ ገመዱን አስለቀቀኝ። ወደ ቤት ቢሮጥ ምን ነበረበት! ከአንድ ቁጥቋጦ ኋላ፣ በአሮጌው የእሾህ አጥር ቀዳዳ ሾልኮ ደኑ ውስጥ ገባና ሣሩን ይነጭ ጀመር። ያቺን ቀዳዳ ከእኔና ከእሱ በቀር የሚያውቃት አልነበረም።

«የለመደበት ገባ» አለች ጎረቤቴ።

መሪጌታ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። ድንጋይ አንስተው አስታቀፉኝና «በል ልጄ፣ ካቡን ከዚህ ቀዳዳ ጀምርልን» አሉ።

በጉ ሲታረድ እንኳ አፉ የደኑን ሣር እንደያዘ ነበር። ምሳው ሲቀርብ የምገባበት አጣሁና «እኔ ፆም ነኝ» አልኩ። ሐሙስ መሆኑ ትዝ ያለኝ ሁሉም ዞር ብለው ሲያዩኝ ነው።