ማዘርቦርዱን ልቀይር ከፍቼ ያየሁት ጉድ

አንተ ልጅ፣

«ጋሼ፣ የኮምፒውተሬን ማዘርቦርድ ብቻ ቀይርልኝ» ብለኸኝ ሳጥኑን ብከፍተው፣ ኪራይ የማይከፍል በረሮ ከነቤተሰቡ ሰፍሮበታል።

ለካ ዳቦህን የምታሞቀው ሳጥኑ ላይ ኖሯል! ፍርፋሪው በሻይ ተለውሶ ቦርዱ ላይ ተጣብቋል።

አሮጌውን ነቅዬዋለሁ። አዲሱን ግን እዚህ ቆሻሻ ውስጥ አልገጥምም። ሳጥኑን በደረቅ ብሩሽ ጥረገው፤ ውሃ እንዳታስነካው። አንድ ብሎን ከእጄ አምልጦ ፍሪጁ ስር ገብቷል፤ ለእሱ ይቅርታ።

ከእናትህ የቀሩህ ፎቶዎች ያሉበት ሃርድ ዲስክ ደህና ነው፤ አትደንግጥ። በንጹህ ፎጣ ጠቅልዬ እኔ ክፍል አስቀምጬዋለሁ።

ጠርገህ እስክትጨርስ አልመልስልህም።

ነፍሷን ይማረውና፣ እሷን እዚያ ጉድ ውስጥ አላሳድራትም።