የጣለኝ ምንጣፉ ነው

ጥቅምት 4
ዛሬ እንደ ሌላው ቀን ነው። ጠዋት ልብስ አጠብኩ፣ አሰጣሁ። ከሰዓት ልጄ መጣች፣ ምንጣፍ ይዛልኝ። ሰማያዊ፣ ለስላሳ። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ራሷ አነጠፈችው። «እግርህን እንዳይበርድህ ብዬ ነው፣ አባዬ።» መረቅኳት። ሴራሚኩ ላይ ትንሽ ይንሸራተታል... ግን ፊቷ እንደዚያ በርቶ ምን ብዬ ልናገር?

ጥቅምት 9
ወደቅኩ።
ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ ምንጣፉ ከእግሬ ሥር ሸሸ። በጎኔ ወረድኩ። ሐኪሙ አንድ የጎን አጥንት ተሰንጥቋል አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቼ አንዲት ዶሮ ያልገጨሁ ሰውዬ፣ በገዛ ቤቴ፣ በካልሲ!
ልጄ እያለቀሰች ደረሰች። «ምን ሆነህ ነው?» ስጦታሽ ጣለኝ ይባላል? «ራሴን አዞረኝ» አልኳት። አመለጠኝ።

ጥቅምት 12
ያቺ ራስ ማዞር ጉድ አፈላች። ግፊቴ ተለካ፣ ደሜ ተመረመረ፣ ጆሮዬ ታየ። ምንም። «ምንም አለመገኘቱ ነው እኮ የሚያስፈራው» ትላለች ልጄ። አማቼ ደግሞ በዚያ ትሕትናው፣ «አባባ፣ ከእንግዲህ ብቻዎን መኖር አይችሉም። እኛ ጋ ይምጡ፣ ቤቱን እናከራየዋለን።»
የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል።
ቤቴን? እኔና ሟች ባለቤቴ ተጋግዘን ቀለም የቀባነውን? ወይ ፍንክች!

ጥቅምት 13
ልጄ ቤቱን «ከአደጋ ልታጸዳ» መጣች። መሰላሌ ተወሰደ። ትልቁ ቢላዋ ተወሰደ። ካውያው ተወሰደ። ምላጬን ሳይቀር! በጢም ልሙት እንዴ? ምንጣፉን ግን ውጪ አውጥታ አራገፈችው፣ መልሳ እዚያው አነጠፈችው። አፌ ላይ የመጣውን ዋጥኩት። አሁን ብናገር ምን ትለኛለች... ስትሄድ ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ላይ ወረወርኩት። ጎኔ ጮኸ።

ጥቅምት 16
እነሱ ቤት ነኝ። ለአንድ ሳምንት ብቻ፣ አጥንቱ እስኪሻለው። ቁልፌ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ለማንም አልሰጥም።
ፎቁ ላይ አስተኙኝ። ከክፍሌ ስወጣ ምን አየሁ? ያ ምንጣፍ! ቀይ ነው፣ ግን ያው። ደረጃው አናት ላይ ተነጥፏል። «ሁለት ነው የገዛሁት» አለች ልጄ። የልጅ ልጄን አቅፋ፣ ረግጣው ወረደች። ደረጃውን ቆጠርኩ። አሥራ አራት ነው። ታች ሲሚንቶ።
ምሳ አልበላልህ አለኝ። አጥፌ ልደብቀው? ነገ ሌላ ብትገዛስ?

ጥቅምት 17
ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔው እያደር ከበደ።
ጠዋት ልጄ ሕፃኗን ይዛ ከክፍሏ ስትወጣ በሾፌር ድምፄ ጮህኩ፤ «ቁሚ!» ደነገጠች። ሕፃኗም አለቀሰች። ምንጣፉን በእግሬ ገፋሁት፣ ሸርተት ብሎ ሦስት ደረጃ ወረደ።
«እኔን የጣለኝ ይሄ ነው። ራሴን አዙሮኝ አያውቅም።»
«ምን?»
«ምንጣፉ ነው የጣለኝ። እንዳይከፋሽ ብዬ...»
ፊቷ ተለዋወጠ። «እንዳይከፋኝ? እኔና ልጄ ትናንት ስንወርድበት ቆመህ እያየህ?»
እውነቷን ነው። አፈርኩ።
አማቼ ሊያበርድ መጣ። «ይተዉት አባባ፣ አጋጣሚ ነው። ሰው ይወድቃል።» ይህችን ቃል አልወዳትም! ፍሬኑን ሳያይ የወጣ ሾፌር ሁሉ ሲገጭ አጋጣሚ ነው ይላል። «የምን አጋጣሚ? የተነጠፈ ነገር ነው፣ ይነሳል። የሚነሳው ምንጣፉ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ነገ ቤቴ እገባለሁ።»
ልጄ ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። ቀዩን ምንጣፍ ግን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አየሁት።

ጥቅምት 18
ቤቴ። ቤቴ ቤቴ የገመና ከታቴ። አማቼ ነው በመኪናው ያደረሰኝ። «አኩርፋለች» አለኝ። ታኩርፍ። ...ብታኮርፍም ትደውል ነበር።

ጥቅምት 24
በያጅ አስመጣሁ፤ መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ መደገፊያ ብረት አስገባልኝ። «ለሽማግሌ ነው?» አለኝ። «አይ፣ መውደቅ ለማይፈልግ ሰው ነው» አልኩት። በብረቱ ተንጠልጥሎ አሳየኝ። ያዘ። የበሩን አምፖልም ደማቅ አደረግኩት። ልጄ ግን አልደወለችም።

ጥቅምት 27
አልደወለችም። እኔ ደወልኩ። «ሥራ ላይ ነኝ» አለች። ይሁን። በመዋሸቴ ይቅርታ ጠየቅኳት። እውነቱን በመናገሬ ግን አልጠይቅም፣ ስልኩን ብትዘጋውም። አልዘጋችውም። «ጎንህ እንዴት ነው?» አለች።

ኅዳር 3
ልጄ መጣች። መሰላሌን፣ ቢላዋዬን፣ ካውያዬን መለሰች። ምላጩ ጠፍቷል። ብረቱን በሁለት እጇ ይዛ ወዘወዘችው። ቤቱን ስለ ማከራየት ትንፍሽ አላለችም።
ከዚያ ከቦርሳዋ የቤት ጫማ አወጣች። ቡናማ፣ ያማረ። «እውነቱን» አለች፣ ዓይን ዓይኔን እያየች። ገልብጬ ሶሉን በአውራ ጣቴ አሸሁት። ልሙጥ። ምላሴ «ተባረኪ» ልትል ነበር...
«ያንሸራትታል። መልሺው» አልኳት።
ጫማውን ነጥቃኝ ወጣች። በቃ፣ ደግሞ አኮረፈች አልኩ። ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ሌላ ጫማ። ወፍራም የጎማ ሶል፣ የበሰበሰ ሎሚ የመሰለ ቀለም።
«ሲያስጠላ!» አልኳት።
እስክትደክም ሳቀች። «ግን አያንሸራትትም አይደል?»
አያንሸራትትም። አድርጌው ነው ይህን የምጽፈው።