በእጄ የቀረው ስድስተኛው መልስ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለደምመላሽ፤ አሰብ።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። እንዴት ከርመሃል? ባለፈው የጻፍክልኝ የወገብ ሕመም ለቀቀህ ወይስ አሁንም ጆንያ ስትቆጥር ቆመህ ትውላለህ? የወደቡ ሙቀት በታኅሣሥ ጋብ ይላል ይሉኛል ሾፌሮቹ፤ እውነት ከሆነ እግዚአብሔር ይመስገን። እኛ ደህና ነን። እማዬን ጉልበቷን ብርዱ ቢያስቸግራትም በእግሯ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ትመለሳለች። ወርቅአፈራሁም ልጆቹም ደህና ናቸው። የጎሚስታ ሥራዬም አልቆመም፤ የእርዳታ እህል የጫኑት መኪኖች ጎማቸው አልቆ ስለሚመጡ ከጠዋት እስከ ማታ ስለጥፍ እውላለሁ።

ወንድሜ፣ ሰላምታውን ያስረዘምኩት ወደ ነገሩ መግባት ስለከበደኝ ነው። ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለህ አንብበው። በኅዳር አጋማሽ "ገበያነሽ መልስህን አንብባለች፣ ይቅር ብላሃለች፣ አታስብ" ብዬ የጻፍኩልህ ሐሰት ነው። አላነበበችውም ነበር። ስድስተኛው መልስህ እኔ ዘንድ ነበር።

አባ ወልደ ሚካኤል "እሱ አሰብ፣ እሷ ደሴ፤ እንዴት አድርጌ ነው አብሬ የማስተምራቸው?" ብለው ሲጨነቁ መላውን ያመጣሁት እኔ እንደሆንኩ ታስታውሳለህ። ለሙሽሮች የሚሰጡትን ስምንት ጥያቄ ለሁለታችሁም ጻፉላችሁ። እናንተ በየፊናችሁ መልሳችሁ እንድትለዋወጡ፣ የሐርቡው በሺር በመኪናው እንዲያመላልስ፣ እኔ ደግሞ ከበሺር እየተቀበልኩ ደሴ እንዳደርስ ተስማማን። አባ ያን ቀን ባዶ ፖስታ አንስተው "ይህ ከታሸገ በኋላ እኔም የማልከፍተው ነው፤ የሁለቱ ብቻ ነው" ሲሉኝ እሺ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። እስከ አምስተኛው ድረስ ቃሌን ጠበቅሁ።

ስድስተኛው ጥያቄ "ከጋብቻ በፊት እጮኛዬ ከእኔ አፍ ልትሰማው የሚገባት ነገር ምንድን ነው?" የሚለው ነበር። በሺር ያንተን መልስ በጥቅምት መጨረሻ ሲያመጣልኝ ከመኪናው ወርዶ በሁለት እጁ ሰጠኝ። "በላቸው፣ ወላሂ ወንድምህ ፊቱ ልክ አልነበረም። ይህን ካነበበች ላታገባኝ ትችላለች ብሎኛል። አደራ፣ ቶሎ አድርስ" አለኝ። ባይነግረኝ ኖሮ አልከፍተውም ነበር እያልኩ በሺርን ልወቅስ ሞክሬ ነበር። ግን ጥፋቱ የእሱ አይደለም። የሻይ ማንቆርቆሪያውን ጥጄ ፖስታውን በእንፋሎቱ ያላቀቅሁት እኔ ነኝ።

አነበብኩት። ገበያነሽን ከማወቅህ በፊት በወደቡ በር ሻይ ከምትሸጥ ሴት ልጅ መውለድህን፣ ልጅቷ ሦስት ዓመት እንደሞላት፣ ከእናቷ ብትለያይም ልጅህን እንደማትተዋት ጽፈሃል። "ይህን ሰምተሽ እምቢ ብትይ አልቀየምሽም፤ ሳትሰሚ እሺ እንድትይ ግን አልፈልግም" ትላለህ። ይህን ቃል እያነበብኩ ወረቀቱን አጣጥፌ መልሼ አሸግሁትና ከጎማ ማጣበቂያው ሣጥን ሥር ከተትኩት።

ያኔ ለራሴ የነገርኩት "እማዬ በዕድሜዋ መጨረሻ ሠርግህን ትይ" የሚል ነበር። እውነቱን ግን አሁን ልጻፍልህ። ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ የገበያነሽ አባት አቶ ፈንታሁን ቤት ሽማግሌ ይዤ ገብቼ "ወንድሜ ንጹሕ ልጅ ነው፣ እኔ ነኝ ዋሱ" ያልኩት እኔ ነኝ። አቶ ፈንታሁን "የአንተ ቃል ይበቃናል" ብለው ሌላ ዋስ ሳይጠይቁ እሺ አሉ። ደሴም ኮምቦልቻም ቃሌን የሚያምኑ ሰዎች ዘንድ ማፈሩን ፈራሁ። ያሰብኩት ለአንተ አይደለም፣ ለእማዬም አይደለም፤ ለስሜ ነው።

አንድ ውሸት ብቻውን አይቆምም። ገበያነሽ "ጋሼ፣ ስድስተኛው ምነው ዘገየ?" ስትለኝ መኪኖቹ በወታደር ታጅበው በቃፊር ስለሚጓዙ ነው አልኳት። "አንቺ ሰባተኛውን ጻፊ፤ እሱ ሲደርስ ይደርሳል" አልኳት፤ አምናኝ ጻፈች። በሺር "አደረስክ?" ሲለኝ አድርሻለሁ አልኩት። አንተም ተጨንቀህ "ምን አለች?" ብለህ ስትጽፍልኝ ያን የሐሰት ይቅርታ ጻፍኩልህ። ደብዳቤዬን አንብበህ ከደስታህ የተነሣ ለጓደኞችህ ሻይ እንደጋበዝህ በሺር ሲነግረኝ ጎማውን ትቼ ወደ ጓሮ ሄድኩ።

ከዚያ የጋብቻችሁ ማስታወቂያ መነበብ ጀመረ። በሦስት እሑድ ሦስት ጊዜ፣ አባ ከቅዳሴ በኋላ የሁለታችሁን ስም ጠርተው "እንቅፋት የሚያውቅ ካለ ይናገር" ይላሉ። የመጀመሪያው እሑድ ወለሉን እያየሁ ቆየሁ። በሁለተኛው የቀበሌ ስብሰባ አለብኝ ብዬ ቀረሁ፤ ለስብሰባ ቸኩዬ የማላውቅ ሰው ከሁሉ ቀድሜ አዳራሹ ውስጥ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው እማዬ እጄን ይዛኝ ሄድን። አባ ስምህን ሲጠሩ እማዬ በነጠላዋ ዓይኗን ጠርጋ "ይህን ያሳየኝ አምላክ ይመስገን" ስትል ሰማኋት፤ እጄን ከእጇ መንጭቄ ወጣሁ።

አባን ከደጅ ጠበቅኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። "ልጅ መውለዱ ጋብቻውን አይከለክልም። ሳታውቅ እሺ እንድትል ማድረግህ ግን እሺታዋን መስረቅ ነው። እኔ ዘንድ ምን ታደርጋለህ? ወደ እሷ ሂድ" አሉኝ።

በማግሥቱ ሰኞ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ገባሁ፤ ቤቷ አባቷ ስላሉ ወደምትሠራበት ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ድረስ ሄድኩ። ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ከበሩ ወጣች። እማዬ የታመመች መስሏት ነበር። ፖስታውን ሰጥቻት ያደረግሁትን ነገርኳት። ቆማ አነበበችው፤ ደግማም አነበበችው። ከዚያ ቀኑን አየችና "ጥቅምት ሃያ ሁለት ይላል" አለች። ዛሬ ስንት ነው ብላ ጠየቀችኝ፤ ታኅሣሥ ዐሥራ ሦስት አልኳት። ስትቆጥር ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር።

"ደምመላሽ ነግሮኛል። ያልነገሩኝ እርስዎ ነዎት" አለችኝ። "እነዚህን ሁሉ ቀናት ሰባተኛውንና ስምንተኛውን ስመልስ ነበር። ሚስቱ ስሆን እንዴት እንደምንኖር ስንት ገጽ ጻፍኩ። ለማን ነበር የምጽፈው?" ሁልጊዜ ጋሼ ትለኝ ከነበረችው ልጅ አፍ ያን ቀን ጋሼ የሚለው ቃል አልወጣም። በሽተኛ ይጠብቀኛል ብላ ገባች። እኔም ሚኒባሱ እስኪመጣ ከአጥሩ ሥር ተቀመጥኩ፤ ሁለት ሚኒባስ አልፎኝ ሄደ።

ዐሥራ ሁለት ቀን ድምጿን አልሰማሁም። ትናንት በስቲያ ቅዳሜ ሾፌሮቹ ባሉበት ጎሚስታዬ ድረስ መጣች። ጥር ሃያ አራት ሠርግ የለም። ለአባቷ "እኔ ነኝ ጊዜ የፈለግሁት" ብላቸዋለች፤ የአንተንም የእኔንም ነገር አላነሣችም። "እምቢ አላልኩም፣ እሺም አላልኩም" አለችኝ። "በፋሲካ ፈቃድ ወስጄ፣ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥቼ አሰብ እወርዳለሁ። ልጅቷን አያለሁ፤ እናቷንም አነጋግራለሁ። እሱ ልጁን እንዴት እንደሚይዝ ካየሁ በኋላ ስድስተኛውን እመልሳለሁ። ከእንግዲህ ደብዳቤያችን በአባ እጅ ይለፍ። እርስዎ ግን ያደረጉትን በራስዎ እጅ ይጻፉለት፤ እሱ ሳያውቅ እኔ አንድ ቃል አልጽፍለትም።" ይህን የምጽፍልህ ስለዚህ ነው። ሳታዘኝ እጽፈው ነበር ብዬ ልጨምርበት ብዕሬን አንሥቼ ተውኩት፤ አላውቅምና።

ለእማዬም ነገርኳት። ትወድቃለች ብዬ ሚስቴን አጠገቧ አስቀምጬ ነበር። ሰምታኝ ስታበቃ "ሦስት ዓመት ሙሉ አያት ሆኜ ሳላውቅ?" አለች። ከትናንት ጀምሮ ግን ወርቅአፈራሁን ጥጥ አስመጥታ እየፈተለች ነው፤ ለማን ነው ብትላት "ለትንሽ ነጠላ" አለቻት።

በሺርንም ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። "አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ" ብሎኝ ይህን ደብዳቤ ለማድረስ እሺ አለ። ወንድሜ፣ አንተ በአንድ ወረቀት ላይ ሙሉ እውነት ለመጻፍ ደፍረህ ነበር፤ እኔ ታላቅህ ያንን ድፍረት በማጣበቂያ ሣጥን ሥር ደበቅሁት። ይቅር በለኝ ለማለት አፌ አልደፈረም። ብትቀየመኝ መብትህ ነው፤ ብቻ ዝም አትበለኝ፤ ለስድብም ቢሆን ጻፍልኝ።

እማዬ ወለተ ማርያም በጉንጭህ ትስምሃለች። ወርቅአፈራሁ ከልብ ሰላም ትልሃለች። ልጆቹ አጎታችን መቼ ይመጣል እያሉ ሰላምታ ልከዋል። አብረውህ ለሚኖሩት ጓደኞችህ ሰላም በልልን። ለልጅህ እናትም፣ ከፈቀደች፣ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ለልጅህም እንዲሁ። በደብዳቤህ "ልጄ፣ ልጄ" ብለህ ስሟን ሳትጽፍ አልፈሃል። እማዬ በጸሎቷ ልትጠራት ፈልጋ በማን ልጥራት ትለኛለች። ስሟን ጻፍልን።

በዳይ ወንድምህ በላቸው

ኮምቦልቻ፣ ታኅሣሥ ፳፯ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.