ለእናታችን መቃብር የሠራኋት አሳማ

ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ ከወንዙ ማዶ ብርዱ እንዴት ይዞሻል? ልጆችሽ፣ ባለቤትሽ፣ የአማትሽ ወገብስ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ እጄ ብቻ በጭቃው ተሰነጣጥቋል።

እናታችን በመከር ማብቂያ ላይ አርፋለች። መልእክተኛ ያልላክሁብሽ ያኔ ጎርፉ መሻገሪያውን ወስዶት ስለነበር ነው፤ እንዳትቀየሚኝ።

ታውቂያለሽ፣ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው አሳማ ስትቀልብ ኖራ አንዲትም የራሷ አልነበራትም። እኔ ደግሞ እዚህ ሉዎያንግ ከተማ፣ ሟች በወዲያኛው ዓለም እንዳይቸገር፣ ለሀብታሞች መቃብር ከሸክላ በግና ዶሮ ስሠራ እውላለሁ። እሷ ባዶ እጇን ልትሄድ መሆኑ አላስቻለኝም። ሕመሙ ሲጠናባት አንዲት እናት አሳማ ሠራሁ፤ አራት ግልገሎች ጡቷ ላይ ለጠፍኩላት። ለአንድ ሹም አባት መቃብር ከታዘዙት የሸክላ በጎች ኋላ ደብቄ እቶን ውስጥ ከተትኳት።

እቶኑ የተከፈተው እማዬ ባረፈች በማግስቱ ነው። አሠሪዬ ጎንግሱን ዕቃውን አንድ በአንድ ሲያወጣ አሳማዋ ጋ ደርሶ ቆመ። «አሳማ ማን አዘዘ?» አለ። አብራኝ የምትሠራው አፈኛዋ ሜንግ «ከበጎቹ አንዷ ወልዳት ይሆናል» ብላ ቀለደች፤ የሳቀላት የለም። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ፤ መባረሬ አይቀርም ብዬ ነበር። እሱ አሳማዋን አገላበጣት፤ የለበስኩትንም የሐዘን ጨርቅ አየ።

«ጆሮዋ ተሰንጥቋል። እንዲህ ያለ ዕቃ ለሹም አይሰጥም፤ ከፊቴ አንሺልኝ» አለኝ።

ተሸክሜያት ወጣሁ። ደጅ ላይ ሁለቱንም ጆሮዎቿን ዳበስኳቸው፤ ምንም አልሆኑም። በእናታችን መቃብር ውስጥ፣ በራስጌዋ አስቀመጥኳት።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ሽማግሌ የሚጽፍበትን ብሩሽ አንስቶ «ይሄስ ይቅር፣ ልጄ» ብሎኝ ነበር፤ ጻፍ አልኩት። በመጨረሻዋ ቀን እናታችን ዓይኗ አያይም ነበር። ሦስት ክረምት ያጠብኳትን፣ ያጎረስኳትን እኔን በአንቺ ስም ጠራችኝ። «መጣሽልኝ?» አለችኝ። «አዎ እማዬ፣ መጣሁ» አልኳት። እጄን እንደያዘች፣ ፊቷ በርቶ ሄደች።

እንግዲህ አልደረስኩላትም ብለሽ አትጸጸቺ፤ ለእሷ መጥተሽላታል።

የአባቶቻችን መንፈስ ቤትሽን ይጠብቅልሽ። በልጆችሽ እጅ ተጦሪ።

ታናሽ እህትሽ፣
የእማዬ ሁለተኛ ልጅ