ሠላማዊት በሰርጉ ፎቶ ላይ ያልታየችበት ምክንያት

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ ታላቅ እኅቴ ለእታፈራሁ፣
ካርቱም

«ልጄ የታለች?» ሳትዪ አልቀረሽም። ሾፌሩ ኸሊል የወንድማችንን የአስማረን የሰርግ ፎቶዎች ካደረሰልሽ ጀምሮ ሃያ አራቱንም እያገላበጥሽ፣ ከሙሽሮቹ ኋላ፣ ከሴቶቹ ጭን ላይ፣ ከዳሱ ምሰሶ ሥር ሠላማዊትን ስትፈልጊያት ይታየኛል። የምጽፍልሽ የዚህኑ መልስ ነው። ነገር ግን ደኅንነትሽን ሳልጠይቅ ወደዚያ ብገባ እማዬ ትቆጣኛለች።

እንደምን ከረምሽ እታለሜ? ባለፈው የጻፍሽልን የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ ወይ? አሠሪዎችሽስ ዓርብ ዓርብ እንድታርፊ ፈቀዱልሽ? ኸሊል የካርቱም ሙቀት ከእኛው ይብሳል ይላል፤ እኔ አላምነውም። እዚህ ሸሕዲ ግንቦት ከገባ ወዲህ ቆርቆሮው ሥር መቀመጥ አልተቻለም፣ ቀኑን የምንውለው ከኒሟ ዛፍ ጥላ ነው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። እማዬን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ትንቀሳቀሳለች። አስማረና ሚስቱ ከመናኸሪያው ጀርባ ቤት ተከራይተው ገብተዋል። እኔ የነርስነት ዲፕሎማዬን ይዤ ምደባ እጠብቃለሁ። በየሁለት ቀኑ ጤና ጽሕፈት ቤቱ እየሄድኩ ስለምጠይቅ ጸሐፊዋ ገና ከበር ስታየኝ አልመጣም ለማለት እጇን ታወዛውዝልኛለች። ሽንፋ ይመድቡኝ ብዬ ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ለምን ሽንፋ እንዳልኩ እያነበብሽ ስትሄጂ ይገባሻል።

ነገሩ የጀመረው በሑዳዴ መካከል ነው። አስማረና ጓደኞቹ የሰርግ ኮሚቴ አቋቋሙና እኔን የምግብ ተጠሪ አደረጉኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ደብተር ገዝቼ በየርዕሱ እያስመርኩ መጻፍ ጀመርኩ። በመጀመሪያው ስብሰባ እማዬ ስትሰማ ቆይታ ለሕፃናቱ በርበሬ ያልነካው ነገር ለብቻ ይሠራ አለች። እዚህ አገር ሴቱ ሁሉ መጤ ነው፣ ልጇን ጥላ የምትመጣበት እናት አማት የላትም፣ ያዘለች ሁሉ እንዳዘለች ነው የምትመጣው አለች። ትክክል ነበረች። እኔ ግን ትምህርቴ ገና ከአፌ ላይ አልደረቀም ነበር።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ራሴን ለመከላከል አይደለም። ለልምምድ በወጣሁበት ጤና ጣቢያ ከድግስ ማግስት የመጡ ሦስት ሕፃናት አይቻለሁ። ዓይናቸው ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ቆዳቸው ሲቆነጥጡት እንደተጨበጠ ይቀራል። አንደኛው በእጃችን ላይ አረፈ። ስለዚህ በሚያዝያ ሙቀት ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጦ የሚውል ምግብ ለሕፃን አይሰጥም ብዬ ተነሣሁ። የሚሠራ ከሆነ በወጉ ይሁን፤ የፈላ ውሃ፣ ክዳን ያለው ዕቃ፣ ሌላ ሥራ የሌላት አንዲት ሴት፣ በየሁለት ሰዓቱ አዲስ ገንፎ። ይህን ሁሉ ከደብተሬ አነበብኩላቸው።

አጎታችን ጋሼ ሸጋው እንደምታውቂያቸው ናቸው። «ልጄ፣ ሕፃን ወይ ይጠባል ወይ ያለቅሳል፤ ለሁለቱም ደጋሽ አያስፈልገውም» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ቀጠል አድርገው ለሕፃናቱም ሚዜ እንምረጥላቸው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አስማረ ደግሞ ሴቶቹ ለአዋቂው ወጥ እንኳ አልበቁም አለ። ተናደድኩ። እንግዲያው በወጉ ካልሆነ ጭራሽ ይቅር፣ በልቶ ከሚታመም ሳይበላ ቢውል ይሻላል አልኩ። እማዬ ቀስ ብላ «ሳይበላ የዋለስ አያለቅስም?» አለች፤ የሰማት የለም። የሕፃናቱ ምግብ ይቅር ተባለ። እኔም ከደብተሬ ላይ ሰረዝኩት።

የጥሪ ካርዱን ጎንደር ሄጄ የማሳትመው እኔ ነበርኩ። ማተሚያ ቤት ያለው ሰውዬ ናሙናዎቹን ዘርግቶ አስመረጠኝና፣ ሊጨርስ ሲል «ከግርጌው የተለመደውን ልጨምር?» አለኝ። የተለመደው ምንድን ነው ብዬ ስጠይቀው፣ ሕፃናትን ይዞ መምጣት ክልክል ነው የምትለዋ ናት፣ አዳራሽ የሚደግስ ሁሉ ያስገባታል አለኝ። ለእነሱ የሚበላ ካላዘጋጀን ባይመጡ ይሻላቸዋል ብዬ አሰብኩ። እውነቱን ልንገርሽ ካልኩ ደግሞ የከተማ ሰው ካርድ እንዲመስል ፈልጌያለሁ። «ጨምራት» አልኩት። ማንንም አላማከርኩም። ጎንደር የተለመደው ልጁን የሚተውላቸው እናትና እኅት ጎረቤት ላሉት ሰው እንደሆነ፣ እኛ ዳስ ጥለን የምንደግስ የቆላ ሰዎች እንደሆንን ትዝ አላለኝም። ካርዱን ይዤ ስመጣ ሁሉም የወርቅ ቀለሙን አደነቀ፤ ግርጌውን ያነበበ ሰው አልነበረም።

የአማትሽን የእማማ ባየሽን ካርድ በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ለወይዘሮ ባየሽ ከነቤተሰብዎ» ብዬ፣ ባማረ ጽሑፍ። የእሳቸው ቤተሰብ ማን ነው እታለሜ? ባልሽን ማሩን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ወባው ከወሰደው፣ አንቺም ልጅሽን አሳቅፈሻቸው ከሄድሽ ወዲህ ያለቻቸው ሠላም ብቻ ናት። ከላይ ከነቤተሰብዎ ይምጡ አልኳቸው፣ ከታች ያለቻቸውን አንዲት ቤተሰብ ከለከልኳቸው። ይህን ስጽፍ አልታየኝም።

ሽንፋ ላይ ካርዱን ያነበበችላቸው ባለሱቋ ሙሚና ናት። በኋላ እንደነገረችኝ እማማ ባየሽ ቆመው ሰሙ፣ ደስ ብሏቸው ነበር። መጨረሻዋን ስታነብ ድገሚልኝ አሏት። ደገመችላቸው። «ይቺ እንግዲህ ሕፃን ናት» አሉና ካርዱን አጣጥፈው ከመቀነታቸው ከተቱት። ሙሚና ግድ የለም ይሂዱ፣ ዘመድ አይደሉ ወይ ብትላቸው፣ ክልክል ነው እያሉኝ ሄጄ በር ላይ ልቁም ወይ አሏት። ይባስ ብሎ የሚያንገበግበኝ ደግሞ እኛ ሠላምን ምን እናብላት ብለን ስንከራከር፣ እሳቸው ከጎጃም ያስመጡትን አጃ አስፈጭተው፣ የልጅቱን ስንቅ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥረው ተዘጋጅተው ነበር። ማንንም ሊያስቸግሩ አልነበረም።

የሰርጉ ዕለት ዳሱ በወንድ ሞላ፣ የሴቶቹ ወገን ግን ጥርሱ እንደ ወለቀ አፍ ሆነ። መጀመሪያ ሙቀቱ ነው ያስቀራቸው ብለን ነበር። ኋላ ጋሼ ሸጋው ካርዱን ከኪሳቸው አወጡና መነጽራቸውን ሰክተው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። «ይቺን ደግሞ ማን ወለዳት?» አሉ። እኔ ነኝ ሳልል ወጣሁ። ከጓሮ ሄጄ ባይ፣ ሦስት ቀን ሲያበስሉ በሰነበቱት ሴቶች ጀርባ ላይ ዘጠኝ ሕፃን አለ። ለሙስሊም እንግዶቻችን ለብቻ የምታበስለው ጎረቤታችን ዘሊካ ሩዝ በጣቷ እያደቀቀች ልጇን ታጎርሳለች። ለእነሱ ካርድ የሰጣቸው የለም፣ ስለዚህ የከለከላቸውም የለም። የእኔ መስመር ያስቀረችው የሚያከብሩንን፣ ወረቀታችንን ከቁም ነገር ቆጥረው ያስነበቡትን ብቻ ነው።

እማዬ ከሽንፋ የመጣ መኪና በቆመ ቁጥር ወደ በር ትወጣ ነበር። ፎቶ ሲነሡ «ቆይ፣ የእታፈራሁ ልጅ ትምጣ» ብላ አንሺውን ሁለት ጊዜ አስቆመችው። በሦስተኛው አላስቆመችውም። ሙሽሮቹ ከቤተሰብ ጋር የተነሡትን ፎቶ እንደገና እዪው፤ እማዬ ብቻዋን ፊቷን ወደ ጎን ያዞረችው ወደ በሩ እያየች ነው። አመሻሹ ላይ ዕቃ ስንሰበስብ ከአልጋዋ ሥር አንዲት ትንሽ ድስት አወጣች። ለሠላም ብላ እኔ ሳላይ የሠራችው አልጫ ነበር። ስትከፍተው ሸተተ። «እውነትሽን ነው፣ ይበላሻል» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በጭነት መኪና ሽንፋ ወረድኩ። እማማ ባየሽ ከደጅ ተቀበሉኝ። «እንደምን ዋሉ? ይግቡ፣ ይቀመጡ» አሉኝ። አንቱ አሉኝ እታለሜ። ከልጅነቴ ጀምሮ «ነይ እስቲ አንቺ ቀዥቃዣ» ሲሉኝ የኖሩ ሴት አንቱ አሉኝ። እጅ አስታጠቡኝ፣ ምግብ አቀረቡ፣ አንድም ነገር አላጎደሉብኝም፤ ልክ ለመንግሥት ሰው እንደሚደረገው። እኔም ፈራሁና ማተሚያ ቤቱ ነው በስሕተት የጨመረው አልኳቸው። «ማተሚያ ቤቱ ሠላምን አያውቃትም፤ ምን ብዬ እቀየመዋለሁ። የሚያውቋት ሰዎች ሳያነቡት ላኩት?» አሉኝ። ተሰናብቼ ወጣሁ። መኪናው ሊነሣ ጡሩንባ እያሰማ ሳለ ተመልሼ እውነቱን ነገርኳቸው፤ እኔ ነኝ፣ ጨምራት ያልኩት እኔ ነኝ አልኩ። ስለ ሙቀቱም ስለ ሞተው ሕፃንም ነገርኳቸው። አዳመጡኝ። ከዚያ «እርስዎ የተማሩትን ጽፈዋል። እኔ የሰማሁት ግን ልጄ ከሞተ ወዲህ እናንተ ቤት ዘመድ እንዳልሆንን ነው» አሉ። አሁንም አንቱ ነኝ።

ከባዱ ነገር ይኸውልሽ። ለሰኔ ሚካኤል አገራቸው ዳንግላ ሊገቡ ነው፣ ሠላምን ይዘው። ክረምቱ ገብቶ የሽንፋ መንገድ ሳይበላሽ እሄዳለሁ አሉ። እማዬና ጋሼ ሸጋው ሄደው ለመኗቸው፤ ጋሼ ሸጋው መሬት ነክተው ይቅርታ ጠየቁ፣ ያን ቀን ቀልድ አልነበራቸውም። እማማ ባየሽ ቂም የለኝም አሉ፣ ተነሥተውም ሸኟቸው፣ ሐሳባቸውን ግን አልለወጡም። የመጨረሻ ቃላቸው ይህ ነው፦ «ልጅቱን የሰጠችኝ እናቷ ናት። አይሂዱ ካለችኝ በራሷ ቃል ትላክብኝ፤ በሌላ ሰው አፍ አልሰማም።» ደብዳቤው ሲመጣም እኔ ሳልሆን ሙሚና እንድታነብላቸው ይፈልጋሉ። ዳንግላ ከገባች ኸሊል ፎቶዋን የሚያደርስልሽ፣ እኔም በየጊዜው ሄጄ የማያት መንገድ የለም። ለዚህ ነው ሽንፋ መድቡኝ ያልኩት። ግን እኔ ሽንፋ ስገባ ሠላም ከዚያ ወጥታ እንዳትጠብቀኝ እሰጋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ዘሊካ እኅቷን ዳረች። ለሕፃናቱ እኔ ልሁን አልኳት። ከኒሟ ሥር ምንጣፍ አነጠፍን፣ ሁለት ሴት ሆነን ትንሽ ትንሽ ገንፎ እየሠራን፣ ውሃ እያፈላን ዋልን። አሥራ አንድ ሕፃን በላ፣ አንድም አልታመመም። የፈጀው ሁለት ድስትና ሁለት ሴት ነው። ይህንኑ ነበር ለአስማረ ሰርግ የማይቻል አስመስዬ ያስቀረሁት። ሴቶቹ ሲያመሰግኑኝ ከአጥር ኋላ ሄጄ አለቀስኩ።

ስለ ልጅሽ ልንገርሽ፣ በፎቶ ስላላየሻት። ከላይ ሁለት ጥርስ አብቅላለች። የውሃ ጀሪካን ይዛ ትቆማለች፣ ለቅቃው ሦስት እርምጃ ትሄዳለች፣ ከዚያ ተቀምጣ ዙሪያዋን ታያለች፣ ማን እንዳየላት ለማወቅ። ግንባሯ የማሩ ነው፣ ከንፈሯ ያንቺ። እማማ ባየሽን «እማ» ትላቸዋለች። ልደብቅሽ ፈልጌ ነበር፣ ግን ዘንድሮ የደበቅሁት ነገር በቅቶኛል።

እታለሜ፣ እኔን ለማዳን ብለሽ አትጻፊ። ልጅሽ ከአያቷ ጋር አገሯ ትግባ ብትዪም መብትሽ ነው፤ እማማ ባየሽ በደንብ ነው የያዟት፣ እኔ ምስክር ነኝ። ሽንፋ ይቆዩልኝ ካልሽም በራስሽ እጅ ለእሳቸው ለብቻው ጻፊ። ኸሊል ረቡዕ ተሻግሮ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመለሳል፤ እሱ ሲመለስ ይዞት ካልመጣ አይደርስም።

እማዬ ጉንጭሽን ስማ አትጠግብም፣ የወገብሽን ነገር አትርሺው ትላለች። አስማረ ናፍቀሽኛል ብሏል። ሚስቱ ገና ሳታይሽ ትወድሻለች፤ ያንቺን ፎቶ ከግድግዳዋ ላይ ሰቅላለች። ጋሼ ሸጋው ሴት ልጅ የሄደችበት አገር ሁሉ ይባረክ ብለዋል። ዘሊካም ሰላም በይልኝ ብላለች። ከሠላማዊት ሰላምታ ላመጣልሽ አልቻልኩም፣ ስምሽን ገና አታውቀውም። ስለዚህ ለእማማ ባየሽ በምትጽፊው ላይ ለእሷም አንድ መስመር ጨምሪ። እናትሽ እታፈራሁ ነኝ በያት። ሙሚና ጮክ ብላ ስታነብ ትስማው።

ታናሽ እኅትሽ ወንጌል
ሸሕዲ፣ ግንቦት 16 ቀን 1996 ዓ.ም.