ገመዱን የለቀቀው እጅ

ለእናቴ፣ እምድብር

እንደምን ሰነበቱ? እንሰት ሲፍቁ የሚይዝዎ የወገብ ሕመም ለቀቀዎ? ምንተስኖት ከሆስፒታል ወጥቶ ያለ ደጋፊ መራመድ መጀመሩን ሰማሁ። እኔ ቡታጅራ በደኅና አለሁ፤ ክትፎ ቤታችንም ገበያ አላጣም። ከመስቀል ወዲህ ግን ቢላዋ አልጨበጥኩም። ሥጋ ቆራጩ እኔ አሁን በር ላይ ቆሜ እንግዳ እቀበላለሁ።

በሚኒባስ የላኩልኝ ቅቤ ደርሶኛል። «ልጄን ከሞት አፍ አውጥተህልኛልና አናትህ ላይ አድርገው» ብለው ነበር። አላደረግሁትም። ምክንያቱን ሲሰሙ ይህን ወረቀት መሬት ጥለው ይረግጡት ይሆናል። ይርገጡት፤ ግን አስቀድመው ይጨርሱት።

ልጅዎ ምንተስኖት ወልቂጤ መናኸሪያ ውስጥ በመኪና ተራ ተጣልቶ የወንድሜን የአስረስን አናት በጎማ መፍቻ ሲፈረክሰው እዚያው ቆሜ ነበር። ድምፁ እንዴት እንደነበር አልጽፍልዎትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ተበላሸብኝ። በፊት ስሠራ ቢላዋው በእጄ መኖሩን እንኳ አላውቅም ነበር፤ የማየው ሥጋውን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ቢላዋው ይታየኝ ጀመር፤ ስለቱ፣ ክብደቱ፣ የት የት ሊገባ እንደሚችል። ቁርጥ የሚያዘኝ ሰው ሲያወራ እኔ አንገቱን አያለሁ። እንቅልፍ አጥቼ ጤና ጣቢያ ብሄድ፣ ምን እንደሚያስፈራኝ ጠየቁኝ። «ምንም» አልኳቸው። እውነቴን ነው። ሰው ጅብ ይፈራል፣ ሌባ ይፈራል። እኔን ያስጨነቀኝ እጄን የሚይዝልኝ አለመኖሩ ነው። ሕግም ሆነ ያሳደገኝ አባት አንጓዬን ጨብጦ አልቆመም። ይህን ያወቀ ሰው የረገጠው መሬት ይከዳዋል።

ምንተስኖት እስሩን ጨርሶ ሲወጣ ሽማግሌዎች ጉርዳ አስገቡን፤ በመሐላ ዘመድ ሆንን ተባለ። እርስዎም አንገቴን አቅፈው ልጄ ነህ አሉኝ። እውነቱን ልንገርዎ፤ ያን ጊዜ ልነክስዎ ቃጥቶኝ ነበር። የወንድሜን ገዳይ የወለደች ሴት በምን አንጀቴ እናቴ ትሁን?

ለዋናው ሽማግሌ ለአቶ ወልደማርያም ይህ አልበቃቸውም። ለመስቀል አንድ በሬ አብረን እንድንጥል፣ ምንተስኖት ቀንዱን፣ እኔ ገመዱን እንድይዝ አዘዙ። መተማመናችሁን አገር ይየው አሉ። አገሩም ሊያይ ወጣ። የአንድን ሰው ነፍስ በገመድ ጫፍ አስሮ ለሟች ወንድም ማስጨበጥ ሽምግልና ነው? ለእሳቸው ነበር።

በሬው ብርቱ ነው። ገመዱን ግንድ ላይ አዙሬ ወጥሬዋለሁ። ምንተስኖት በባዶ እጁ ወደ ቀንዱ ገባና ጎንበስ አለ። ማጅራቱን አየሁት። የአስረስን ማጅራት ይመስላል፤ የማንንም ሰው ይመስላል። ስንት ዓመት ያንገበገበኝ ንዴት በዚያች ቅጽበት የት እንደገባ አላውቅም። ባዶ ሆንኩ። ገመዱንም ለቀቅሁት።

ገመዱ አመለጠው ተብሎ የተነገረዎት ሐሰት ነው። እጄ አልዛለም፤ ገመዱም አልሾለከም። ጣቶቼን ከፈትኳቸው። ቀንዱ ከጎድኑ ሥር ገባ፣ አነሳው፣ እንሰቱ ላይ ወረወረው፤ ሊደግመውም ዞረ። ምንተስኖት ሆዱን በሁለት እጁ ይዟል፤ ደሙ በጣቶቹ መካከል ይንፎለፎላል። ዓይን ዓይኔን አየኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ እኔ ነበርኩ እሱን የማየው፤ ገዳይ ብዬ። አሁን እሱ አየኝ፤ ምን ብሎ እንዳየኝም ገባኝ።

ሳላስበው ሮጥኩ ብል ደስ ባለኝ። ግን እሱንም ዐውቄ ነው ያደረግሁት። ቀንዱ ላይ ተጠመጠምኩ፤ እየጎተተ ከግንዱ ጋር አላተመኝ፤ ለማረጃ ወገቤ ላይ የሻጥኩትን ቢላዋ እስከ እጀታው የበሬው አንገት ውስጥ ሰክቼ እስኪወድቅ አልለቀቅሁትም። የበሬውና የልጅዎ ደም ፊቴ ላይ ተቀላቀለ። ሴቶቹ እልል አሉ። አቶ ወልደማርያም ጉርዳው ሠራ ብለው አለቀሱ።

ሰው ሁሉ የሮጥኩትን ለእኔ ሰጠኝ፤ የለቀቅሁትን ለበሬው ሰጠው። ዝም ብል ማን ይጠይቀኛል? ነገር ግን የለቀቅሁት እኔ ካልሆንኩ፣ የሮጥኩትም እኔ አይደለሁም። ግማሹን ብቻ መርጬ ልወስድ አልችልም።

ሆስፒታል ልጠይቀው ሄጄ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ፣ «ስትለቀው አየሁህ» አለኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ስትመጣም አየሁህ» አለ።

ገመዱ አመለጠው ብሎ የነገረዎት እሱ ራሱ መሆኑን የሰማሁት ቅቤውን ካመጣልኝ ሾፌር ነው። ያን ቀን በር ዘግቼ አለቀስኩ። ለአስረስ እንኳ እንዲያ አላለቀስኩም።

ቅቤውን በዚሁ ሚኒባስ መልሼዋለሁ፤ ክዳኑ አልተከፈተም። ይህን አንብበው መልሰው ከላኩልኝ አናቴ ላይ አደርገዋለሁ። ካልላኩት ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ ይህንኑ ቃል እደግመዋለሁ።

እንሰትዎ ይለምልም፤ ከብትዎ ይርባ። የምንተስኖትን ጎን እግዜር ይጠግንልዎ። በዚህች እጄ ግን እግዜርንም፣ ሰይጣንንም አያማርሩ፤ የራሴ ነች።

የአስረስ ወንድም፣
ከፈቀዱ ደግሞ ልጅዎ