ውባንቺ ክርስትና የተነሣች ዕለት

አሰብ፣ ሚያዝያ ፪ ቀን ፲፱፻፵፱ ዓ.ም.

ከአሰብ ወላፈን አምልጦ የደሴ ብርድ ለያዘው ለውድ ባለቤቴ ለአቶ ተክለጻድቅ፤

ተክሌ፣ ጉንፋንህ ተሻለህ ወይ? እኔ በአምላክ ቸርነት ደህና ነኝ፤ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም። ሙቀቱ ግን ዘንድሮ ቀድሞ ገብቷል። የቤተ ክርስቲያኑ ጧፍ ሳይበራ ጎበጠና መምሬ ወልደየሱስ “ጧፉም ሰገደ” እያሉ ያስቁናል።

መዘግየቴ ቅር እንዳሰኘህ ከደብዳቤህ ገብቶኛል። ዕቃ ማሰር ነው፣ ሙቀት ነው እያልኩ የጻፍኩልህ ሁሉ ሰበብ ነው። ያቆዩኝ በቤተ ክርስቲያኑ ታስተምራቸው የነበሩት ልጆችህ ናቸው። አንተ “አስተማሪ እስኪገኝ ቅዳሜ ቅዳሜ አጫውቻቸው” ብለኸኝ ቀድመኸኝ ወደ ደሴ ሄድክ፤ እነሱ የሚጫወቱ ልጆች መስለውሃል! ወልደሚካኤል ድምፁ ጎርንኖ፣ መዝሙር ሲያነሣ ራሱ ይደነግጣል። “ሴት ወይዘሮ ምን ታስተምራቸዋለች?” ያሉም ነበሩ፤ መምሬ ግን “ከእኔ ቁጣ የእሷ ሳቅ ይሻላቸዋል” ብለው ዝም አሰኙልኝ።

የጀመርከውን አልተውኩትም። “ሕፃን ሳለ ይቆርባል፣ ጢም ሲያወጣ ይሸሻል፣ የሚመለሰው በምርኩዝ ነው” እያልክ ስትበሳጭ እሰማህ አልነበር? እኔም ለፋሲካ ሁሉም ይቁረቡ ብዬ ተነሣሁ። ወላጆች “ጎረምሳ ደግሞ ይቆርባል እንዴ?” ብለው አጉረመረሙ። ልጆቹ ግን እሺ አሉኝ፣ ከአንዷ በቀር። ውባንቺን ታውቃታለህ፤ ባለሱቁ ሰዒድ ቤት የምታድገዋ የሹፌሩ ልጅ፣ ጥያቄ የምታበዛብህ። በቁርባን ጊዜ የሚጠሩበትን የክርስትና ስማቸውን ለመምሬ እንዲነግሩ ስሰበስባቸው ጠፋች። በሚቀጥለውም ቅዳሜ ቀረች።

እኔ ምን አሰብኩ መሰለህ? አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ከወደቡ ጎረምሶች አንዱ ልቧን ወስዶት ይሆናል አልኩ። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ልቆጣት ሄድኩ። በር የከፈተችልኝ የሰዒድ ሚስት ሳልሀ ናት፤ ፊቴን አይታ ገና ሳልናገር ማልቀስ ጀመረች።

“እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው” አለች። “ልጅቷ የክርስትና ስም የላትም።”

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ እናቷን ከወሎ በካሚዮን ሲያመጣት ልጅቷ መንገድ ላይ ተወለደች። እናትዬዋን አሰብ እንደገባች ትኩሳት ያዛትና የልጅቷ ሰማንያ ቀን ሳይሞላ ሞተች። አባትዬው ሕፃኗን ለጎረቤቱ ለሳልሀ አስታቅፎ ወደ መሪው ተመለሰ፤ አሁንማ ወሬውም የለም። ሳልሀ ከልጇ ከሳኒ ጋር አንድ ጡት አጠባቻት። የክርስቲያን አደራ ናት ብላ ስሟን አልለወጠችም። ማተብ እንኳ ራሷ ገዝታ አሰረችላት፤ እሑድ እሑድም አጣጥባ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትልካታለች። እኛም ማተቡን አይተን ክርስትና ተነሥታለች አልን፤ የጠየቀ ሰው የለም።

“ማተቡን አሰርኩላት፤ ውሃውን ግን እኔ እንዴት ላድርገው? ለቄሱ ልንገር ስል ደግሞ ይወስዱብኛል ብዬ ፈራሁ፣ ወላሂ” አለችኝ።

መምሬ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ። ከዚያ “እሑድ ኒቆዲሞስ ነው፣ ከውሃ ዳግም ስለ መወለድ የሚነበብበት፤ ከዚህ የተሻለ ቀን ከየት ይመጣል?” አሉ። ክርስትና የተነሣ ሰው ያኑ ዕለት ይቆርባልና፣ ልጆቹ ተማክረው መጡብኝ። “እሷ ብቻዋን አትቆርብም፤ ፋሲካን አንጠብቅም፣ አብረናት እንቆርባለን” አሉኝ። ተክሌ፣ እኔ ይህን አላስተማርኳቸውም። አንተ ካስተማርካቸው ንገረኝ።

የክርስትና እናቷ እኔ ሆንኩ። ሳላማክርህ ማድረጌን ይቅር በለኝ፤ እዚህ ብትኖር አንተም ቀድመኸኝ እሺ ትል ነበር። ከዚያ ወሬው ተነሣ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ላቀች “ከእንግዲህ እስላም ቤት ምን ታደርጋለች? እግዜር ዘግይቶም ቢሆን ልጅ ላከልሽ፤ ይዘሻት ሂጂ እንጂ!” አለችኝ። መምሬም አልተቃወሙም። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ቀሚስ በልቤ ለካሁላት። ደሴ ትምህርት ቤት ስትገባ፣ ማታ አንተ ስታስጠናት፣ ስትጨቃጨቁ ሁሉ ታየኝ። ሳልሀንም ደፍሬ ጠየቅኋት።

“አደራ ነበረች፤ ባለቤት ከመጣማ ምን እላለሁ?” አለችኝ፣ ፊቷን በሻሿ ሸፍና።

ቅዳሜ ዕለት ትእዛዛትን ሳስተምር “አባትህንና እናትህን አክብር” ላይ ስደርስ ወልደሚካኤል እጁን አወጣ።

“እትዬ እቴናት፣ ውባንቺ የምታከብረው የትኛዋን እናት ነው? የወለደቻትን፣ ያጠባቻትን ወይስ ክርስትና የምታነሣትን?”

ሌሎቹ ሳቁ። እሷ ግን ዐይን ዐይኔን እያየች መልሴን ትጠብቃለች። እኔ “ሁሉንም” ብዬ ወደሚቀጥለው ትእዛዝ አለፍኩ። አፈርኩ፣ ተክሌ። ለካ ይህን ሁሉ ስንመክር ልጅቷን የጠየቃት ሰው የለም። ሲበተኑ አስቀረኋትና ደሴ መሄድ ትፈልግ እንደሆነ ጠየቅኋት።

“እርስዎ ካሉ እሄዳለሁ” አለች። ቀጥላ ደግሞ “እማ ግን ዐይኗ ደክሟል፤ መርፌዋ ላይ ክር የማስገባላት እኔ ነኝ” አለችኝ።

እሑድ ክርስትና ተነሣች። መምሬ ወለተ ኪዳን ብለው ሰየሟት። በአሰብ ሙቀት ሰው ሲንቀጠቀጥ ያየሁት ያን ዕለት ነው! ከውሃው እንደወጣች ተቀብዬ በነጠላዬ ጠቀለልኳት፤ ልቧ ሲመታ በደረቴ ይሰማኝ ነበር። እንዳቀፍኳት ብቀር ወደድኩ። ከዚያ ልጆችህ ሁሉ ከእሷ ኋላ ተሰልፈው ቆረቡ፤ ወልደሚካኤልም አፉን በነጠላው ሸፍኖ፣ ላንድ ቀን እንኳ ዝም አለ።

ቅዳሴው ሲያልቅ ሳልሀ ከቅጥሩ በር ውጭ ቆማ ነበር፤ ጥላ እንኳ የለ፣ የሰፋችላትን ነጭ ቀሚስ ታቅፋ። ወይዘሮ ላቀች ከኋላዬ “ወዴት ነው?” ትለኛለች። ልጅቷን እጇን ይዤ ወጣሁና የሳልሀ እጅ ላይ አኖርኩት።

“ልጅሽ ክርስትና ተነሣችልሽ፤ እንኳን ደስ ያለሽ” አልኳት።

ሳልሀ ቀሚሱን በልጅቷ ላይ ለካችና “አጠረ፣ አጠረ” እያለች አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

አሁን የሚያስቀረኝ የለም። ቅዳሜውን አዲሱ መምህር ወሰኔ ተረክቦታል፤ ልጆቹ ገና ከወዲሁ እያስጨነቁት ነው። ወደ ደሴ የሚያመጣኝ ክንፈ ካሚዮኑን ከሆሳዕና ማግስት ስለሚያስነሣ ፋሲካን አብረን እንፈስካለን። እስከዚያ መድኃኔ ዓለም ከብርዱም ከብቸኝነቱም ይጠብቅህ፤ ወፍራሙን ካፖርት አታውልቅ።

የደሴውን ቤት ትንሿን ክፍል ላከራያት ወይስ እህል ላስገባባት ብለህ ጠይቀኸኛል። አታከራያት። እህሉንም ሌላ ቦታ አድርገው። የአሰብ የክረምት ወላፈን ለክርስትና ልጃችን እንደማይሆን አንተም ታውቃለህ።

ናፋቂህ፣
እቴናት